የአትሌቶችን ውጤት በአማካይና በሬንጅ ማወዳደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ከተሞች ታዳጊ ሯጮችንና ዘላዮችን ለሚያሠለጥኑ፣ ለስፖርት መምህራን፣ እንዲሁም የልጃቸውን ሰዓት በደብተር ለሚይዙ ወላጆች የተዘጋጀ ነው። በስሌቶቹ ውስጥ የሚነሱት ሯጮችና ዘላዮች ለማስረዳት ያህል የቀረቡ ናቸው። የውድድር ሕጎቹ፣ የመም ልኬቶቹና የክብረ ወሰን ሰዓቱ ግን እውነተኛ ናቸው።

አማካይና ሬንጅ እንዴት ይሰላሉ?

አማካይ ውጤቶቹ ሁሉ ተደምረው ለብዛታቸው ሲካፈሉ የሚገኘው ቁጥር ነው። ሬንጅ ደግሞ ከትልቁ ውጤት ላይ ትንሹ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። አማካዩ አትሌቱ ያለበትን ደረጃ ይነግረናል፤ ሬንጁ ውጤቱ ምን ያህል ከፍ ዝቅ እንደሚል ያሳያል። አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ መያዝ ግማሽ ወሬ ይዞ እንደ መሄድ ነው።

የሁለት ሴት ሯጮችን የ400 ሜትር ሙከራ እንይ። ሰዓቱ በሰከንድ ነው።

አንደኛዋ፦ 58.2፣ 58.9፣ 58.4፣ 58.7፣ 58.3
ሁለተኛዋ፦ 57.1፣ 60.3፣ 57.4፣ 59.9፣ 57.8

የሁለቱም ድምር 292.5 ነው። ለ5 ሲካፈል የሁለቱም አማካይ 58.5 ሰከንድ ይወጣል፤ በአማካይ ብቻ ከሄድን እኩል ናቸው ማለት ነው። ሬንጃቸውን ስናወጣ ግን የአንደኛዋ 0.7 ሰከንድ፣ የሁለተኛዋ 3.2 ሰከንድ ሆኖ እናገኘዋለን።

የአንደኛዋን አማካይ በስልክ ሳሰላው 245.86 ወጣልኝ። የት ነው የተሳሳትኩት?

አምስቱን ቁጥሮች በተከታታይ ደምረው፣ እኩል ይሆናል የሚለውን ሳይነኩ ለ5 አካፍለዋል። ብዙዎቹ የስልክ ማስያዎች ማካፈልን ከመደመር ስለሚያስቀድሙ የተካፈለው የመጨረሻው 58.3 ብቻ ነው። መጀመሪያ ደምረው እኩል ይሆናል የሚለውን ይጫኑ፤ ከዚያ ያካፍሉ። መፈተኛውም ቀላል ነው፦ አማካይ ሁልጊዜ በትንሹና በትልቁ ውጤት መካከል ይወድቃል። ከዚያ ውጭ ከወጣ ስሌቱ ተበላሽቷል።

ታዲያ ከሁለቱ ሯጮች የትኛዋን ልምረጥ?

የምትመረጠው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሚኒማው (ለውድድር ለመብቃት የሚጠየቀው ሰዓት) 58.0 ሰከንድ ቢሆንና ለመሞከር ጥቂት ዕድል ብቻ ቢኖር ሁለተኛዋን ይላኩ፤ ከአምስቱ ሙከራ በሦስቱ ከ58.0 በታች ገብታለች፣ አንደኛዋ ግን አንድ ጊዜም አልደረሰችበትም። በአንጻሩ ለ4 በ400 ዱላ ቅብብል በሚገባ የታወቀ ሰዓት የምትሮጥ ልጅ ከተፈለገ አንደኛዋ ትሻላለች። በዱላ ቅብብል የአንዷ 60.3 የሌሎቹን የሦስቱን ልፋት ይዞ ይወርዳል።

ጠባብ ሬንጅ ሁልጊዜ ጥሩ ነው የሚለው አነጋገር ስለዚህ አያስኬድም። በየጊዜው እኩል ቀርፋፋ የሆነ ሯጭም ሬንጁ ጠባብ ነው።

ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ይመልከቱ። የሁለተኛዋ ቀርፋፋ ሰዓቶች ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው። እነዚያ ቀናት ምን የተለየ ነገር ነበራቸው? ደብተሩ ላይ ሁለቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስቱ ጠዋት የተሮጡ ሆነው ከተገኙ፣ ያ 3.2 ሰከንድ የልጅቷ መዋዠቅ መሆኑ ቀርቶ የሐይቁ ነፋስ ሊሆን ይችላል።

በጣና ዳር ነፋሱ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ፀሐይ ሲበረታ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ ቀዝቀዝ ያለው የሐይቁ አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ ምድሩ ይነፍሳል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ስለተቀመጠች ይህ ነፋስ የሚመጣባት ከሰሜን በኩል ነው፤ የሚበረታውም ከቀትር በኋላ ነው።

400 ሜትር ሙሉ ዙር ስለሆነ ነፋሱ በአንዱ ቀጥታ ይገፋል፣ በሌላው ይመልሳል። ብዙ ሰው ይህ ተጣፍቶ ዜሮ የሚገባ ይመስለዋል። አይገባም። የአየር ተቃውሞ ከፍጥነቱ ይበልጥ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ነፋሱ ከፊት ሲመጣ የሚያስከፍለው ከኋላ ሲመጣ ከሚሰጠው ይበልጣል። ነፋሻማ ቀን የተሮጠ 400 ሜትር በጠቅላላው ቀርፋፋ ይሆናል። በ100 ሜትር ደግሞ ነገሩ እንደ አቅጣጫው ነው፤ ወደ አንዱ ጫፍ ሲሮጥ ጥሩ የነበረ ሰዓት መነሻውን ሲያዞሩት ይበላሻል። ለዚህ ነው በ100 ሜትር፣ በ200 ሜትር፣ በርዝመት ዝላይና በሱሉስ ዝላይ ከኋላ የሚገፋው ነፋስ በሰከንድ ከ2.0 ሜትር ካለፈ ውጤቱ በክብረ ወሰንነት የማይያዘው።

የነፋስ መለኪያ ከሌለ ከአንድ ችካል ጫፍ ላይ የፌስታል ቁራጭ ይሰሩና ከእያንዳንዱ ውጤት አጠገብ «ከፊት»፣ «ከኋላ» ወይም «የለም» ብለው ይጻፉ። የበለጠ የሚያዋጣው ግን ለማወዳደሪያ የሚሆኑ ሙከራዎችን ሁሉ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ማድረግ ነው። የከሰዓቱን ልምምድ ልምምድ ብቻ ያድርጉት፤ ሰዓቱ ከአማካዩ ውስጥ አይግባ።

ደቂቃና ሰከንድ ያለበትን ሰዓት እንዴት ላስላ?

ሁሉንም ወደ ሰከንድ ቀይረው ይጀምሩ። ደብተሮች ላይ ከሚታዩት ስህተቶች ሁሉ የሚበዛው ይሄኛው ነው፤ የሚያስከትለው ጉዳትም ቀላል አይደለም።

አንድ ልጅ 1,000 ሜትሩን በ2፡58፣ በ3፡02 እና በ3፡06 ሮጠ እንበል። መምህሩ እነዚህን 2.58፣ 3.02፣ 3.06 አድርጎ ቢያስገባ አማካዩ 2.89 ገደማ ይወጣል። «2 ደቂቃ ከ89 ሰከንድ» የሚባል ሰዓት የለም። ሬንጁም 0.48 ይመጣና ልጁ በ48 ሰከንድ የሚዋዥቅ ይመስላል።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። 2፡58 ማለት 2 ጊዜ 60 ሲደመር 58፣ 178 ሰከንድ ነው። ሌሎቹ 182 እና 186 ናቸው። ድምራቸው 546፣ አማካዩ 182 ሰከንድ ወይም 3፡02፣ ሬንጁ 8 ሰከንድ። ወደ ደቂቃ ለመመለስ ለ60 አካፍለው ሙሉ ቁጥሩን ደቂቃ፣ ቀሪውን ሰከንድ ያድርጉት።

ኤክሴል የሚጠቀሙም ከዚህ አያመልጡም። 4፡02 ብለው ሲጽፉ ኤክሴል 4 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ብሎ ይረዳዋል። ደቂቃውን በአንድ ዓምድ፣ ሰከንዱን በሌላ ዓምድ ያስገቡና ሦስተኛው ዓምድ ላይ ደቂቃውን በ60 አባዝተው ሰከንዱን ይደምሩበት። አቨሬጅ፣ ማክስና ሚን የሚባሉትን ፎርሙላዎች በሦስተኛው ዓምድ ላይ ብቻ ይሥሩ። ሬንጅ ማለት ማክሱ ሲቀነስ ሚኑ ነው።

በእጅ የተያዘ ሰዓት ላይ ሬንጅ ማውጣት ትርጉም አለው?

አለው፤ ግን የሰዓት ያዡን እጅ ከሯጩ እግር መለየት ያስፈልጋል። የእጅ ሰዓት 12.31 ብሎ ቢያሳይም ያ አንድ መቶኛ ሰከንድ የጣትዎ ፍጥነት ነው። በመም ላይ ውድድሮች ሕጉ በእጅ የተያዘ ሰዓት ወደ ቀጣዩ አንድ አስረኛ ከፍ እንዲል ያዛል፤ 12.31 ወደ 12.4 ይሄዳል እንጂ ወደ 12.3 አይወርድም። እንግዲህ ሁለት የ100 ሜትር ሯጮች በሬንጅ በ0.1 ሰከንድ ቢለያዩ ከዚያ ምንም አይነበብም።

ስህተቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አማካዩንና ሬንጁን የሚጎዱበት መንገድም ይለያያል።

አንደኛው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚሳሳት ነው። 100 ሜትር ላይ አስጀማሪው አጨብጭቦ ወይም ፊሽካ ነፍቶ ሲያስነሳ፣ መጨረሻው ላይ የቆመው ሰዓት ያዥ ድምፁን የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ 100 ሜትር ለመድረስ 0.3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሰዓቱ ዘግይቶ ስለሚነሳ ሁሉም ሯጭ በ0.3 ሰከንድ የፈጠነ ይመስላል። አማካዩ ይሳሳታል፤ ሬንጁ ግን ንክች አይልም፣ ምክንያቱም ትልቁም ትንሹም እኩል ቀንሰዋል። የራስዎን ሯጮች እርስ በርስ ሲያወዳድሩ አያስቸግርም። ከሌላ አሰልጣኝ ሯጮች ጋር ሲያወዳድሩ ግን፣ እሱ የአስጀማሪውን እጅ ዓይቶ እርስዎ ድምፅ ሰምተው ከያዛችሁ፣ 0.3 ሰከንዱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የእርስዎ ልጆች ያሸንፋሉ። መፍትሔው አስጀማሪው ክንዱን ወይም ባንዲራውን አውርዶ ማስነሳቱ፣ ሰዓት ያዡም በዓይኑ መያዙ ነው።

ሁለተኛው አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ የሚጫን እጅ ነው። ይህ በብዙ ሙከራ አማካዩ ላይ እየተጣፋ ይሄዳል፤ ሬንጁን ግን ያሰፋዋል። የሚረዳው ሰዓት ያዦችን ማብዛት ነው። በሦስት ሰዓት ሲያዝ ሁለቱ ከተስማሙ የሁለቱ ይጸድቃል። ሦስቱም ከተለያዩ መሃለኛው ይወሰዳል፤ 12.3፣ 12.4 እና 12.6 ቢመጣ 12.4 ነው። ሁለት ሰዓት ብቻ ካለና ከተለያዩ የዘገየው ይያዛል። ልብ ይበሉ፣ ሕጉ ራሱ እዚህ ላይ አማካይ አላወጣም፤ አንድ የሳተ እጅ የሌሎቹን እንዳያበላሽ መሃለኛውን ነው የመረጠው።

በኤሌክትሮኒክ የተያዘና በእጅ የተያዘ ሰዓት በአንድ አማካይ ውስጥ አይደባለቁ። ማወዳደር ግድ ከሆነ በተለምዶ በእጅ በተያዘው ላይ ለ100 እና ለ200 ሜትር 0.24፣ ለ400 ሜትር 0.14 ሰከንድ ይጨመራል።

ሁለት ሯጮችን ጎን ለጎን አስሩጬ ባወዳድርስ?

በመሮጫ መስመራቸው ላይ ተጠንቅቀው ከሆነ ጥሩ ነው። በመደበኛ መም ላይ 400 ሜትር የሚሆነው አንደኛው መስመር ብቻ ነው። ሁለተኛው መስመር አንድ ዙር 407.04 ሜትር፣ ስምንተኛው 453.03 ሜትር ነው። መነሻውን ሳያስተካክሉ ከአንድ መስመር ላይ ካስነሷቸው፣ በ60 ሰከንድ የሚሮጥ ልጅ ሁለተኛው መስመር ላይ ከ1 ሰከንድ በላይ ይከስራል። በየሙከራው መስመር ከቀያየረ ደግሞ ያ 1 ሰከንድ በቀጥታ ሬንጁ ውስጥ ይገባል።

በርዝመት ዝላይ ፋውል የሆነውን ዜሮ ልበለው?

በፍጹም። ፋውል ያልተለካ ዝላይ ነው እንጂ 0 ሜትር የተዘለለ አይደለም።

አንድ ዘላይ 6.12፣ ፋውል፣ 6.35፣ ፋውል፣ 6.41፣ 6.20 ቢያመጣ የአራቱ ድምር 25.08፣ አማካዩ 6.27 ሜትር፣ ሬንጁ 0.29 ሜትር ነው። ፋውሉ ዜሮ ተብሎ ቢገባ አማካዩ 4.18 ሜትር፣ ሬንጁ 6.41 ሜትር ይሆናል፤ ይህ የማንንም ልጅ ዝላይ አይገልጽም። ኤክሴል ባዶ ሳጥንንና ፊደል ያለበትን ሳጥን ከአማካይ ያወጣል፣ ዜሮን ግን ይቆጥራል። ስለዚህ «ፋ» ብለው ይጻፉ።

ፋውሉን መደበቅም አይገባም። ከአማካዩና ከሬንጁ አጠገብ «2 ከ6» ተብሎ ለብቻው ይመዝገብ። ሌላ ዘላይ ደግሞ 6.22፣ 6.25፣ 6.19፣ 6.27፣ 6.24፣ 6.21 ዘሎ አማካዩ 6.23፣ ሬንጁ 0.08፣ ፋውሉም 0 ከ6 ነው እንበል። ማን ይሻላል? በውድድር ቀን የመጀመሪያው ያሸንፋል፤ በርዝመት ዝላይ የሚቆጠረው የእያንዳንዱ ምርጥ ዝላይ ነውና። ምርጣቸው እኩል ከሆነ ሁለተኛው ምርጥ ይታያል። አማካይ እዚያ ቦታ የለውም። ግን በተለመደው አሠራር ተወዳዳሪዎቹ ከስምንት ሲበልጡ ሁሉም የሚያገኘው ሦስት ሙከራ ነው፤ ተጨማሪ ሦስት የሚሰጠው ለቀዳሚዎቹ ስምንት ብቻ ነው። ከሦስቱ ሁለቱን ፋውል የሚያደርግ ልጅ በአንድ ዝላይ ላይ ተንጠልጥሏል።

ለአሰልጣኙ ያለው ጥቅም ከውድድሩ ይልቅ በማግስቱ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ጉልበት አለው፤ ሥራው መንደርደሪያው ላይ ነው፦ የእርምጃ ምልክቱን መፈተሽ፣ መነሻ ጣውላው ላይ እግሩ የት እንደሚያርፍ በየዝላዩ መለካት። የሁለተኛው መንደርደሪያ የተስተካከለ ነው፤ የሚጎድለው ፍጥነትና ጉልበት ነው። ሁለቱን አንድ ዓይነት ልምምድ መስጠት የአንዱን ጊዜ ማባከን ነው።

አንድ ቀን ታሞ የሮጠው ሰዓት ሁሉንም አበላሸው። ላውጣው?

የ1,500 ሜትር ሰዓቶቹ 4፡02፣ 4፡04፣ 4፡03፣ 4፡05 እና 4፡31 ናቸው እንበል። በሰከንድ 242፣ 244፣ 243፣ 245፣ 271። አማካዩ 249፣ ማለትም 4፡09 ነው። ይህ ልጅ በ4፡09 አካባቢ ሮጦ አያውቅም። ሬንጁ 29 ሰከንድ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 26ቱን ያመጣው ያ አንድ ቀን ነው። ሬንጅ ሁለት ቁጥር ብቻ የሚያይ ስለሆነ በመካከል ያሉት ምን ያህል ቢቀራረቡ ግድ የለውም፤ ትልቁ ድክመቱ ይህ ነው።

እንዲህ ሲሆን ውጤቶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርድሩና መሃል ላይ ያለውን ይውሰዱ። እዚህ 244፣ ማለትም 4፡04 ነው፤ ልጁንም የሚመስለው እሱ ነው። ብዛታቸው ጥንድ ከሆነ የመሃለኞቹ ሁለት አማካይ ይወሰዳል።

ማውጣት የሚቻለው ምክንያቱ በዕለቱ ከተጻፈ ነው። ወደቀ፣ ታሞ ነበር፣ ጫማው ተፈታ የሚል ማስታወሻ በዚያው ቀን ካለ ያውጡትና «አንድ ወጥቷል» ብለው ይጻፉ። ያለማስታወሻ፣ ሰዓቱ ስላልተወደደ ብቻ ከሳምንት በኋላ ማውጣት ግን ልጁን ለማስመረጥ ቁጥር መምረጥ ነው። ደግሞም ሕመም በየወሩ ከተመላለሰ ያ ራሱ መታወቅ ያለበት ነገር ነው።

ስንት ሙከራ ይበቃል?

ከአምስት በታች ከሆነ ሬንጁን አይመኑት። ከብዛቱ ይልቅ ግን እኩልነቱ ይበልጣል። አዲስ ሙከራ ሲጨመር ሬንጅ ወይ ባለበት ይቆያል ወይ ይሰፋል፤ አይጠብም። 12 ጊዜ የሮጠ ትጉህ ልጅ 4 ጊዜ ብቻ ከሮጠው ጋር ሲወዳደር የተዋዠቀ ሊመስል የሚችለው በዚህ ነው። የሁለቱንም የመጨረሻ አምስት ይውሰዱ።

አምስት ሙሉ 400 ሜትር በአንድ ቀን ማስሮጥም አይሆንም። አራተኛውና አምስተኛው የሚለኩት ድካምን ነው። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ያከፋፍሉት።

ሬንጁ ሰፊ የሆነ ልጅ ወጥነት የለውም ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ጥር 64፣ 63፣ 62፣ 61፣ 60 ሰከንድ የሮጠች ልጅ አማካይዋ 62፣ ሬንጅዋ 4 ሰከንድ ነው። ሌላዋ 60፣ 64፣ 61፣ 63፣ 62 ብትሮጥ አማካይዋም ሬንጅዋም ያው ነው። አንደኛዋ እያደገች ነው፤ ሌላዋ ትዋዥቃለች። አማካይም ሬንጅም ቅደም ተከተል አያዩም፤ ስለዚህ ቀኑ ከውጤቱ ጎን ይጻፍ። በማደግ ላይ ላሉ ታዳጊዎች የዓመቱን ሙሉ ሬንጅ ማውጣት ብዙም አይጠቅምም፤ ወር በወር ይሻላል። በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም መሬቱ ጭቃ ሆኖ የተያዘን ሰዓት ከበጋው ጋር አለመቀላቀል ነው።

የ100 ሜትሩንና የ1,500 ሜትሩን ሯጭ በሬንጅ ማወዳደር ይቻላል?

እንዳለ አይቻልም። ሬንጁን ለአማካዩ አካፍለው በመቶ ያባዙት። 100 ሜትር በአማካይ 12.0 ሰከንድ የሚሮጥ ልጅ ሬንጁ 0.4 ከሆነ 3.3 በመቶ ነው። 1,500 ሜትር በአማካይ 245 ሰከንድ የሚሮጠው ሬንጁ 6 ሰከንድ ቢሆን 2.4 በመቶ ነው። በሰከንድ ሲታይ የረጅሙ ርቀት ሯጭ ይበልጥ ይዋዥቃል፤ በመቶኛ ሲታይ የተረጋጋው እሱ ነው።

በአንድ ውድድር ውስጥ ያሉትን ዙሮችስ?

ለረጅም ርቀት ሯጭ አማካይና ሬንጅ ከዚህ የተሻለ መጠቀሚያ የላቸውም። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትርን በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን በሆነው 26፡17.53 ሲሮጥ፣ 1,577.53 ሰከንድ ለ25 ዙር ተካፍሎ በአማካይ አንዱን ዙር በ63.1 ሰከንድ ሮጧል። ይህን ከሚሰሙት ልጆች አንድ ዙር በ63 መሮጥ የሚችሉት ብዙ ናቸው፤ ችግሩ ሃያ አምስት ጊዜ መሆኑ ነው።

3,000 ሜትር ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ 7 ዙር ተኩል ነው። ግማሹ ዙር 35 ሰከንድ፣ ቀሪዎቹ 71፣ 72፣ 73፣ 74፣ 75፣ 74፣ 68 ቢሆኑ ጠቅላላው 542 ሰከንድ፣ 9፡02 ነው። ግማሹን ዙር እንደ ሙሉ ቆጥረው ሬንጅ ካወጡ 40 ሰከንድ ይሆናል። ያለ እሱ 7 ነው። ደወል የተደወለበትን የመጨረሻውን ዙር ደግሞ ለብቻው ካስቀመጡት 4 ሰከንድ ይቀራል። ፍጥነቱን እንዴት እንዳከፋፈለ የሚያሳየው ይህ 4 ሰከንድ ነው፤ 68ቱ የጨራሽነቱ ነገር ነው። ከ71 ወደ 75 የሄደበትን ቅደም ተከተል ካዩት ደግሞ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ቸኩሏል።

የሁለት ትምህርት ቤቶችን አማካይ ደምሬ ለሁለት ላካፍል?

የተማሪዎቹ ብዛት እኩል ከሆነ ብቻ። ከአንዱ 3 ሯጮች በአማካይ 60.0፣ ከሌላው 6 ሯጮች በአማካይ 58.5 ሰከንድ ቢሮጡ፣ የጋራ አማካያቸው 59.25 አይደለም። 180 ሲደመር 351፣ 531፤ ለ9 ሲካፈል 59.0 ነው። የፍጥነት አማካይም እንዲሁ ያሳስታል። አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ፣ ቀጣዩን በ4 ደቂቃ የሮጠ ሰው ፍጥነቱ በሰዓት 20 እና 15 ኪሎ ሜትር ነበር፤ አማካዩ ግን 17.5 አይሆንም። 2 ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ ስለሄደ 17.1 ነው። ፍጥነትን ትተው ሰዓቱን ቢደምሩ ይቀልዎታል።

አዲስ አበባ የተሮጠ ሰዓት ከባሕር ዳሩ ጋር ይደባለቅ?

አይደባለቅ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከፍታው ሲጨምር ኦክስጅን ስለሚያንስ የረጅም ርቀት ሯጭ ይዘገያል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ደግሞ አጭር ርቀት ሯጩና ዘላዩ ትንሽ ይጠቀማሉ። ሁለት ከተማ ላይ የተሮጠውን አንድ ላይ ካደረጉት የሬንጁ ከፊል የመሬቱ ከፍታ ይሆናል።

በሐይቁ ላይ ለሚደረግ የቀዘፋ ውድድርስ?

ማዕበሉና ነፋሱ በየቀኑ ስለሚለያይ ሰዓቱን ከቀን ቀን ማወዳደር ከንቱ ነው። በአንድ ጊዜ የተነሱትን ብቻ ይውሰዱና እያንዳንዱ ቀዛፊ ከቀዳሚው በስንት ሰከንድ እንደዘገየ ይመዝግቡ። አማካይና ሬንጅ የሚወጣው ከዚያ ልዩነት ላይ ነው።

ለእግር ኳስ ተጫዋችም ይሠራል?

አማካዩ ይሠራል፤ ለምሳሌ በ90 ደቂቃ ስንት ጎል። ሬንጁ ግን ለአብዛኛው አጥቂ ከ0 እስከ 2 ወይም 3 ስለሆነ ማንንም ከማንም አይለይም።

ሬንጅን ትቼ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ውጤቶቹ ከአማካዩ በተለምዶ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካ ቁጥር) ብጠቀም አይሻልም?

ሙከራዎቹ ከአሥር በላይ ከሆኑና ኤክሴል ካለ ይሻላል፤ ሁሉንም ቁጥር ስለሚያይ አንድ መጥፎ ቀን እንደ ሬንጅ አያናውጠውም። አምስት ሙከራ ይዞ ሜዳ ዳር ለቆመ አሰልጣኝ ግን ሬንጅ ይበቃል። ለልጁም ማስረዳት ይቀላል፦ «ምርጥህና መጥፎህ በ3 ሰከንድ ተራርቀዋል» ሲባል ሁሉም ይገባዋል።

ደብተሩ ላይ ምን ምን ልጻፍ?

ቀን፣ የሮጠበት ሰዓት፣ ቦታ፣ ርቀትና መስመር፣ ነፋስ፣ ጫማው ስፓይክ ነው ወይስ ተራ፣ ማን ሰዓት ያዘ፣ ውጤት፣ ማስታወሻ። ርቀቱ በስልክ ተለክቶ ከሆነ ያንንም ይጻፉ። በዛፎች ሥር ባለው የሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ስልክ አንድ ኪሎ ሜትርን አንዴ አርዝሞ አንዴ አሳጥሮ ሊለካ ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ መነሻውንና መድረሻውን በሜትር አንድ ጊዜ ለክተው ቀለም ይቀቡ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይሁን። አማካዩን ሲጽፉ ከውጤቱ አንድ አሃዝ ብቻ ቢጨምሩ ይበቃል፦ በአስረኛ የተያዘ ሰዓት 58.46 ይባላል እንጂ 58.4583 አይባልም።